የወለል ሰም

ሴትዮዋ ከማለዳው ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በረንዳው ላይ ተገትራለች። የጉዞ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። ባሏ ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መኪና ያጥባል። እሷ ታናሽ እህቷን በሕይወት ልድረስባት ብላ አንጀቷ ያራል፤ እሱ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጎማ ይፈገፍጋል። ኧረ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል!

«እንግዲህ መቼ ነው የምንነሳው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያደረገችው ከትሕትና አይደለም። ከፍ ካደረገችው ጎረቤት ሁሉ እንደሚወጣ ስለምታውቅ ነው።

«ትንሽ ነው የቀረኝ። ላለቅልቃት፣ ፖሊሽ ላድርጋት፣ ከዚያ ሰም ብቻ ነው» አለ ባልየው ዞር ሳይል።

«ሰም ብቻ! ባለፈው ቅዳሜም ሰም ብቻ ነበር የቀረህ!»

«ባለፈው ቅዳሜ ሰሙ አልደረቀማ! ሰም ሳይደርቅ መንገድ ከወጣች አቧራው ይጣበቅባትና ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ይሄ አይገባሽም።»

እውነቱን ነው፣ አይገባትም። እህቷ የተኛችው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ከተማ ነው። ሐኪሞቹ «ቤቷ ሆና ትረፍ» ብለው ሸኝተዋታል፤ ሐኪም እንዲህ ብሎ ሲሸኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ረቡዕ ዕለት የእህቷ ልጅ ደውላ ስልኩን ለእናቷ አስጠጋችላት። ያቺ በሳቋ ሰፈር የምታውክ ሴት ድምጿ ሰልሎ፣ «እታለም፣ ያ ሾፌሬ የት ጠፋ? ያጣው ቤንዚን ነው ወይስ ወኔ?» አለች። ባልየው ስልኩን ከሚስቱ እጅ መንጭቆ፣ «ዋርሳዬ! ቅዳሜ መኪናዬን አሳምሬ ደጅሽ ላይ ጥሩምባ ካልነፋሁ ሰው አትበይኝ!» ብሎ ማለ። እህትየዋ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ስልኩ ተዘጋ።

ይኸው ቅዳሜ ደረሰ። ጥሩምባው ግን እዚሁ ግቢ ውስጥ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ቆሟል።

በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብላው ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግማ ብላው ነበር። «መኪና ያለው ሰው ሚስት በአውቶቡስ ተጋፍታ? ሰው ምን ይለኛል? እኔ እወስድሻለሁ አልኩ፣ እወስድሻለሁ!» ብሎ ፈነዳባት። እሷም ሞኝ ናትና ተቀበለችው። እህቷ ፊት በገዛ መኪናዋ፣ በገዛ ባሏ እየተነዳች መድረስ አማራት፤ ይህን ስታስበው በራሷም ትናደዳለች። መጀመሪያ ጎማው ነፋስ ቀንሷል ተባለ። ቀጥሎ ሰሙ አልደረቀም ተባለ። ዛሬ ደግሞ ምን እንደሚባል ሰማይ ያውቃል።

ባልየው ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ይህችን ነጭ አሮጌ መኪና ገዛ፤ ገዝቶም እንደ አዲስ አደረጋት። ጎረቤቶቹ ጋሽ መስታወት ይሉታል፣ ኮፈኗ ላይ ፀጉር ማበጠር ይቻላል እያሉ። ሲያጥብ ከጣሪያ ይጀምራል፣ ጎማ ላይ ይጨርሳል። ስፖንጁን በሁለት ባልዲ ነው የሚያለቀልቀው። በቆዳ ጨርቅ አድርቆ ሲያበቃ እጁን ስስ ፌስታል ውስጥ ይከትና ቆርቆሮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር በፌስታሉ በኩል ታሻክረዋለች ይላል። ሚስቱ ይህን ስታይ ነው ደሟ የሚፈላው። እሷን እንዲህ አድርጎ ከዳበሳት ስንት ዘመኑ!

«ሰው በሴት ይቀናል፣ እኔ በቆርቆሮ!» ብላ ለእህቷ ነግራታለች። እህቷ «ታዲያ አንቺም ሰም ተቀቢያ!» ብላ ነበር የሳቀችው።

የሚገርመው፣ መኪናዋ ከክረምቱ ወዲህ ከዚህ ግቢ ወጥታ አታውቅም። ገበያ በእግር፣ ሐዘን በእግር፣ ሠርግ በእግር። ሲጠየቅ «አሁን አጥቤያት» ይላል። ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ ስስታም ነው፣ መኪናውን ከሚስቱ አስበለጠ ብሎ አማው። ሚስቱም መሳቅ አቃታት እንጂ ከሐሜተኞቹ ጋር ከተስማማች ቆይታለች።

«ስሚ!» አለ አሁን ከመኪናው ማዶ። «ቆመሽ ከምታፈጪብኝ ከዕቃ ቤት ሰሙን አምጪልኝ። ክቡን ቆርቆሮ። መደርደሪያው ላይ ነው።»

«እኔ ያንተ ረዳት ነኝ?»

«ቶሎ እንድንሄድ አይደለም የምትፈልጊው? እንግዲያው አግዢኛ!»

ዕቃ ቤቱን በርግዳ ገባች። መደርደሪያው በቆርቆሮ የተሞላ ነው፣ የተረፈ ቀለም፣ ቅባት፣ ፀረ ተባይ። የእጇ ጫፍ የነካውን የመጀመሪያውን ክብ ቆርቆሮ ላጥ አድርጋ ወጣች። አላየችውም። ዓይኗ ላይ ያለው የእህቷ ፊት ብቻ ነው፤ ምን ብላ ቆርቆሮ ታያለች?

«እንካ! ቀባባት! ከፈለግህ ሚስት አድርጋት!» ብላ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

ባልየው ቆርቆሮውን ተቀብሎ ክዳኑን መፈልቀቅ ጀመረ። እሷ ወደ ቤት ገብታ ለእህቷ ልጅ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። አሁንም አልተነሳም። ልጅቷ ስልክ ከእጇ የማይለይ ልጅ ናት። ሴትዮዋ ሦስተኛ ሞክራ፣ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ፣ ዛሬስ የመጣው ይምጣ ብላ ወጣች። ባልዲውን በእርግጫ ልትለው፣ የውሃ ጎማውን ልትቆርጠው፣ ብቻ አንድ ነገር ልታደርግ ነው የወጣችው።

ወጥታ ክው አለች።

ነጩ ኮፈን ቀይ ሆኗል። የግራው ፓራፋንጎም ቀይ ነው፣ በሩም እስከ መያዣው ድረስ ቀልቷል። ባልየው ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ በከንፈሩ እያፏጨ፣ ክብ ክብ እየሠራ ጨርቁን ያዞራል። መሬት ላይ የተከፈተው ቆርቆሮ የሳሎን እንጨት ወለል የምታቀላበት ሰም ነው። እሷ ናት የሰጠችው። በገዛ እጇ!

«አለቀልኝ» አለች በሆዷ። ይህ ሰው የወፍ ኩስ ጠብ ቢልባት ሦስት ቀን የሚያኮርፍ ሰው ነው። አሁን ይጮኻል፣ ቆርቆሮውን ይወረውራል፣ ሆን ብለሽ ነው ይላል፣ ጉዞውም ቀረ ማለት ነው። ትከሻዋን አጥብቃ ጩኸቱን ጠበቀች።

ባልየው ቀና አለ። ፀሐይ ይወጋኛል እያለ ከፊቱ የማይለየውን ጥቁር መነጽር በክንዱ ገፋ አድርጎ፣ በኩራት ወደ ኮፈኑ አመለከተ።

«አየሽልኝ? ይሄኛው ሰም ሽታው ጠንከር ይላል፣ ደህና ዕቃ ነው። እንዴት እንደያዘላት አየሽ? ወተት አስመስሏታል!»

ያፌዝብኛል አለች። ተናዶ ተናዶ ማፌዝ ጀመረ። ፊቱን አየችው፤ ፊቱ ላይ ግን ፌዝ የለም። ደስ ያለው ሰው ፊት ነው።

በዚህ ጊዜ አጥሩ ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ጎረቤት ያለው መካኒክ ነው። አጭርና ድንቡሽ ያለ ስለሆነ ሰፈሩ ቡሎን ይለዋል፣ እሱም ስሙን ረስቶ በዚሁ ይጠራል።

«ጋሼ! ምነው፣ በዕድሜዎ ቀይ አማረዎት?» ብሎ ሳቀ።

«ሳቅ አንተ! ቅናት ነው የሚያስቅህ!» አለ ባልየው ጨርቁን እያራገፈ። «መስታወት ነው በለኝ! በሞቴ፣ እንዲህ የነጣ መኪና አይተህ ታውቃለህ?»

ቡሎን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወደ ሴትዮዋ ተመለከተ። ሴትዮዋም ወደ እሱ። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው፣ ደረጃውንም ቀስ ብላ ወረደች።

ባሏ ፊት ቆመች። ጥቁሩን መነጽር ከፊቱ ላይ አነሳችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኮፈኑ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ምን?»

«ቀለሙን ንገረኝ።»

«ሴትዮ ጤና የለሽም? ነጭ ነዋ!»

«ነጭ?»

«የገዛ መኪናዬን ቀለም ልትፈትኚኝ ነው? ነጭ ናት አልኩሽ!»

«እጅህስ?»

ባልየው እጁን አነሳ። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ቀልቷል። ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ጣቱ አፍንጫውን እስኪነካ አስጠጋው፣ አገላበጠው። ከዚያ አሸተተው። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ጥሎት ሲሄድ ሚስቱ ቆማ አየች።

«የወለል ሰም ነው» አለችው። «ሳሎን የምቀባው፣ ቀዩ። ስናደድ ሳላይ ሰጠሁህ። አንተ ደግሞ ይኸው ቀባኸው።»

ባልየው የመኪናውን በር ደገፍ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባልየው መነጽሩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው ነው የምልህ!»

«አያለሁ» አለ። «አንቺን አይሻለሁ። ማለቴ… ቆመሽ እንዳለሽ አያለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የፊት መስታወቱ ጉም የያዘ መስሎኝ ስወለውለው ከረምኩ። ኋላ ሁሉም ነገር አመድ አመድ ይለኝ ጀመር። መንገዱ አመድ፣ መብራቱ አመድ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ልገጫት ለትንሽ ተረፈች። አላየኋትም። ጩኸቷን ነው የሰማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነዳሁም።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ሴትዮዋ በአንድ ጊዜ ስንቱ ነገር ተገለጠላት! ጋዜጣ «ውሸት ብቻ ነው» ብሎ የተወው ለዚህ ነው። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ኩባያው ጠርዝ ላይ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ፌስታሉም፣ ያ ስትቀናበት የኖረችው መዳበስ፣ ዓይኑ የነሣውን በእጁ ሲፈልግ ነው። ልቧ ሊራራ አንድ እርምጃ ሄደ። ወዲያው ግን ቁጣው ከኋላ ደርሶ ያዘው።

«ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?»

«ሄጄ ምን እንዲለኝ? ‹ከእንግዲህ መሪ አትጨብጥም› እንዲለኝ?»

«እና መሪ ጨብጠሃል አሁን?»

«ቢያንስ ሰው የማልጨብጠው ስላልፈለግኩ ይመስለዋል!» አለ ድምጹን ከፍ አድርጎ። «ስስታም ነው ሲሉኝ ዝም አልኩ። መኪናውን ከሚስቱ አስበለጠ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ይበሉ! ዕውር ሾፌር ከሚሉኝ ይሻለኛል!»

«ለእኔስ? እኔም ሰፈር ነኝ?»

«ላንቺማ በተለይ» አለና አንገቱን ደፋ።

«ስማኝ!» አለች ሴትዮዋ፤ አሁን ጎረቤት ቢወጣም ባይወጣም ግድ የላትም። «ስማኝ አንተ ሰው! ዓይንህ ቢታመም ማን ይስቅብሃል? ዓይን ሰው ላይ ነው ያለው፣ ይታመማል! ብትነግረኝ እጅህን ይዤ ሐኪም ቤት በሄድኩ። ብትነግረኝ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከዚያም በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ አውቶቡሱ ላይ ተንጠልጥዬም ቢሆን ሄጄ እህቴን አቅፌ ባደርኩ! በአንተ ኩራት የማን ቀን ነው የሚበላው? የእኔ? የእህቴ ነው! ያላትን ያቺን ጥቂት ቀን ነው በሰም ቀብተህ ያስቀረኸው! ደግሞ ስልኩን ከእጄ ነጥቀህ ‹ጥሩምባ እነፋለሁ›! ምን ልታደርግ ነበር ዛሬ? እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ልትወስደኝ ነበር?»

ባልየው ቀይ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ሰሙ አልደረቀም ልልሽ ነበር» አለ።

እንዲህ ብሎ በግልጽ ይናገረዋል ብላ አላሰበችም። በጥፊ ልትለው እጇ ተነሳ። እጇ በአየር ላይ ሳለ እሱ እንዳላየው፣ እንዳልሸሸው፣ ዓይኑንም እንዳላርገበገበው አየች። እጇን መለሰችው። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ ሰው በነጻነት መቆጣት እንኳ ይነፈጋል?

«ቁልፉን አምጣ።»

«ለማን?»

«ለቡሎን።»

«ቡሎን!» ባልየው ቀና አለ። «ያ ማርሽ ሲያስገባ ወፍጮ ቤት የሚመስለው? የእኔን መኪና? ሞቼ ነው ቆሜ?»

«ቆመሃል፤ ከመንገዴ ላይ ነው የቆምከው!» ብላ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ ቁልፉን መዥርጣ አወጣችው። «ቡሎን! ልብስህን ለብሰህ ና!»

ቡሎን ቀድሞውንም ከአጥሩ ወርዶ በሩ ላይ ደርሷል። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ራሱን አከከ።

«እትዬ፣ ቢያንስ በቤንዚን ነካ ነካ ላድርጋት? አንድ ጎኗ ቀይ፣ አንድ ጎኗ ነጭ ሆና እኮ…»

«እንዲሁ ነው የምንሄደው!»

«ሰው ይስቅብናል…»

«ይሳቅ! ሰው ይስቅብናል ሲባል ነው እዚህ የደረስነው!»

ባልየው ወደ በረንዳው ሊመለስ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። «እንግዲህ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ» አለ።

«አትቀርም» አለች ሚስቱ፣ የኋላውን በር ከፍታ። «እህቴ የጠየቀችው እኔን ብቻ አይደለም። ሾፌሬ የት ጠፋ ነው ያለችው። የት ጠፍተህ እንደከረምክ ራስህ ትነግራታለህ። ግባ!»

ገባ። በገዛ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ እግሩን የት እንደሚያኖር እንኳ አላወቀም።

መንገዱ ቡሎን እንዳለው ሆነ። የቆመ ሰው ሁሉ ጣቱን ይቀስራል፣ አላፊው ጥሩምባ ይነፋል። አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምር አቧራው እየተነሳ ቀዩ ሰም ላይ ተለጠፈ፤ ግማሽ ጎኗ ቡናማ ጎፈር አበቀለ። ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ቀጂው ዞሮ አያትና «ይቺ ምን ነክቷት ነው?» አለ። ቡሎን «ኩፍኝ» አለው። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የእህቷን ልጅ ስልክ ትደውላለች፣ ይጠራል፣ አይነሳም።

ባልየው አልፎ አልፎ ከኋላ ይናገራል። «ሦስተኛ አስገባ፣ ሞተሩ እየጮኸ ነው።» ቡሎን ያስገባል። «ፍሬኑን አትርገጥ፣ ልቀቀው፣ ራሱ ይወርዳል።» ቡሎን ይለቃል። በጆሮው ነው የሚነዳው። ሚስቱ «ዝም በል» አለችው። ትንሽ ቆይቶ፣ «ድልድዩን አለፍን?» ብሎ ጠየቀ። ድልድዩን ያኔ እየተሻገሩት ነበር፤ ከታች ውሃው ፀሐይ ላይ ያበራል። አልመለሰችለትም። ለምን ትመልስለት? እሷስ ስትጠይቀው መች መለሰላት!

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። የእህቷ ልጅ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ወጥታለች። መኪናዋን አይታ እንኳ አልገረማትም። ዓይኗ አብጧል።

«ለምንድነው ስልክ የማታነሺው? ልቤን ቀጥ አደረግሽው እኮ!» አለች ሴትዮዋ ገና ሳትወርድ። «በሕይወት… አለች?»

«አለች አክስቴ፣ አለች። ግን…» ልጅቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አትናገርም። ትሰማለች፣ ታያለች፣ ሰው ታውቃለች። መናገር ግን አቆመች። በስልክ ይህን ምን ብዬ ልንገርሽ? መንገድ ላይ ከሆንሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እስከ ሐሙስስ?»

«እስከ ሐሙስማ ትናገር ነበር! ባለፈው ቅዳሜ እንዲያውም በርትታ ነበር። ትራስ አስደግፌያት ቀኑን ሙሉ በሩን እያየች ስትቀልድ ዋለች። ‹እታለም ስትመጣ የምነግራት ነገር አለኝ› ትል ነበር። እኔ ልስማው ብላት ‹ላንቺ አይሆንም፣ የእኔና የእሷ ነው› አለችኝ።»

ሴትዮዋ የመኪናውን በር እንደያዘች ቆመች። ከኋላዋ ባሏ እየዳበሰ ሲወርድ ሰማች። ያ የምትነግራት ነገር ምን ነበር? ከልጅነታቸው ይሆን? ከእናታቸው? ልጅቷን አደራ ልትላት ይሆን? ከእንግዲህ ማን ይነግራታል? በእጇ የያዘችውን ብረት ብትችል ቆርሳ በጣለችው ነበር።

ገባች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ የመድኃኒት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እህቷ አልጋው ላይ ትንሽ ሆናለች። ታላቋን ስታያት የታማሚዋ ፊት በራ፣ አፏ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሴትዮዋ ተንበርክካ እጇን ያዘች፣ ጉንጯን ሳመች፣ «መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ፣ ዘገየሁብሽ» አለች። እህቷ ጣቷን ጨመቀቻት። አንድ ነገር ልትል አፏን ደጋግማ ከፈተች፣ አልሆነላትም፣ እንባዋ ወረደ።

ባልየው በዚህ መሐል በሩ ላይ ደርሷል። ልጅቷ ውጭ በሹክሹክታ ያለችውን አልሰማም፤ ቡሎንን ተደግፎ ደረጃውን ሲቆጥር ነው የቆየው። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ያንን የድሮ ድምጹን አወጣ።

«ዋርሳዬ!» አለ። «ሾፌርሽ መጣ! ወኔ ነው ያጣው ብለሽ ሰደብሽኝ አይደል? ይኸው!»

ይህን የተናገረው ለቁም ሳጥኑ ነው። ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል። አልጋው በስተግራው ነው። ታማሚዋ ፈገግታውን አየች፣ የዞረውን ፊቱን አየች፣ ቀይ እጁን አየች። ከዚያ ወደ እህቷ ተመለከተች። ገባት። መናገር የተሳናት እንጂ ማስተዋል የተሳናት ሴት አይደለችም።

«ምነው ዝም አለች?» አለ ባልየው፣ ፈገግታው እየደከመ። «ተቆጥታብኝ ነው?»

ሴትዮዋ ተነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የመጣችው ቁጣ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አዎ ተቆጥታብሃለች ብትለው እፎይ ይል ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል፣ ቁጣ ይታረቃል። እፎይ እንዲል አልፈቀደችለትም።

«መናገር አትችልም» አለችው። «ባለፈው ቅዳሜ ትችል ነበር።»

ባልየው የዘረጋው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ሊዞር፣ ሊወጣ ፈለገ፤ በሩን ግን ዞሮ አላገኘውም፣ ግድግዳ ነካ።

ሴትዮዋ ሄዳ አገጩን ያዘች። በርኅራኄ አልነበረም፣ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችው። ፊቱን ወደ ግራ አዞረችው፣ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አደረገችው፣ ከአልጋው አንጻር ሲደርስ አቆመችው።

«እዚህ ጋ ናት።»

«አላያትም» አለ ባልየው በሹክሹክታ። «እግዜር ያሳይሽ፣ አላያትም።»

«እሷ እያየችህ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ፊትህን አታዙርባት።»

እጇ ቢዝልም አገጩን አልለቀቀችውም።